ዋልካ ላይ መኖር

አዲስ አበባ፣ ጀሞ ላይ ቤት ያለው ሰው በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት መሬት ይገጥመዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ያው መሬት ክው ብሎ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ የተነጠፈ ኮንክሪት ክረምት ከበጋ ለጥ ብሎ እንዲተኛ መጠበቅ ብዙ መጠበቅ ነው። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከገባኝ በኋላም ከሲሚንቶውና ከቁፋሮው የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር።

የግቢያችን የመኪና መግቢያ ከውጭ በር እስከ ቤቱ ደረጃ 9 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 3 ሜትር ነው። ቤቱን ስንረከብ የተስተካከለ ኮንክሪት ነበር። ውሎ አድሮ በግራ በኩል፣ የውኃና የፍሳሽ ቱቦው ባለፈበት መስመር ሰመጠ። ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ስንጥቅ ወጣና አንዱ ወገን ከሌላው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ለመኪና ጎማ አራት ጣት ምንም አይደለም። አብራኝ ለምትኖረው፣ ሰማንያን ተሻግራ በምርኩዝ ለምትሄደው እናቴ ግን እንቅፋት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በወጣች ቁጥር እዚያ ስንጥቅ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች። መጀመሪያ ምርኩዟን ታሻግራለች፤ ከዚያ ቀኝ እግሯን፣ ከዚያ ግራዋን። እሷ እስክትሻገር ከኋላዋ ቆሜ ልቤ ይንጠለጠላል። የኮንክሪት ነገር የልቤ ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ሰው ደጅ ሄዶ መጠየቅ ይከብደኛል። የእድር መዋጮዬን በወቅቱ እከፍላለሁ፤ ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ሰላምታ አልነፍግም። ከዚያ ያለፈውን በሬን ዘግቼ በራሴ መወጣት እመርጣለሁ። ገንዘብ ካለኝ ባለሙያ እቀጥራለሁ፤ ከሌለኝ እታገሣለሁ። ይህን ጠባዬን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ከየአቅጣጫው ተሰባስበን በሰፈርንበት እንደ ጀሞ ባለ አዲስ ሰፈር ደግሞ ጠባዩ ይመቻል። ማንም ማንንም አያስቸግርም፤ ማንም የማንንም ቤት አያውቅም።

በእኛ መንገድ መግቢያው ያልተሰነጠቀ ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። የተለመደው መድኃኒት አሸዋና ሲሚንቶ ለውሶ ስንጥቁን መድፈን፣ ቀጥሎ ከላይ ሊሾ ማልበስ ነው። ለጥቂት ወራት ያምራል። በጋው ሲገፋ ግን ድፍኑ ካለበት ጎን አዲስ ስንጥቅ ይወጣል፤ ሊሾውም እየተላጠ ይነሣል። ታኅሣሥ 2017 ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ሰዉ ሁሉ ግድግዳውንና ወለሉን መመርመር ጀምሮ ነበር። የእኛን ስንጥቅ ያዩ ሰዎችም «እሱ ነው ያመጣው» አሉ። መንቀጥቀጥ ግን መጥቶ ያልፋል። የእኛ ስንጥቅ በየበጋው ይሰፋል፣ በየክረምቱ ይጠባል። ወቅት ጠብቆ የሚመላለስ ነገር ምክንያቱም ወቅት ጠባቂ መሆን አለበት።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው፣ በአፋን ኦሮሞ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር በጣም ደቃቅ ሸክላ ነው። ውስጡ ያለው ስመክታይት የሚባል ማዕድን በስስ ንብርብሮቹ መካከል ውኃ እየሳበ ያስገባና እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ሲደርቅ ውኃውን ለቆ ይኮማተራል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ ደጋ ላይ ይገኛል። በከተማችን ደቡብ፣ ፎቅ ከመብቀሉ በፊት ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበት የነበረው መሬት ብዙው እንዲህ ያለ ነው። ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ካባራ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚያድጉት ዋልካ ውኃ ይዞ ስለሚያቆይላቸው ነው። ለገበሬው በረከት የሆነው ጠባይ ለኮንክሪት ፈተና ነው።

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ ነው። ሲሳብ የሚችለው ኃይል ሲጫን ከሚችለው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ሁሉ እኩል ቢያብጥና እኩል ቢኮማተር ኖሮ አብሮት ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ነገር ግን ንጣፉ መሃሉን ከፀሐይም ከዝናብም ይጋርደዋል፤ ጠርዙ ግን የተጋለጠ ነው። ስለዚህ በበጋ የጠርዙ መሬት ይወርዳል፣ በክረምት ይነሣል፤ የመሃሉ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል። በየዓመቱ አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ላይ የሚታጠፍ ኮንክሪት አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም።

ይህን ያስረዱኝ በዕድሜ የገፉ አንድ ግንበኛ ናቸው። የጠራኋቸው ስንጥቁን ለመድፈን ዋጋ እንዲነግሩኝ ነበር። እሳቸው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት መዶሻቸውን አወጡና ከበሩ ጀምረው ኮንክሪቱን እየመቱ ሄዱ። በቀኝ በኩል ድምፁ አጭርና ደረቅ ነበር። በግራ በኩል፣ ቱቦው ባለፈበት መስመር ላይ ሲደርሱ ድምፁ ወፈረ፤ ከሥር እያስተጋባ ተመለሰ። ደጋግመው መቱት።

«ሰማሽ ልጄ? እዚህ ጋ ከሥሩ መሬት የለም።»

ቱቦው ሲቀበር ተቆፍሮ የወጣው አፈር ሳይጠቀጠቅ ነበር የተመለሰው። ውኃ እያገኘ ሲሄድ አፈሩ ረግቶ ወረደ፤ ኮንክሪቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የመኪናው ክብደት ሲያርፍበት ተሰበረ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለማሠራት ስንት ይፈጃል?» አልኳቸው።

«ዋጋውን እንደርስበታለን። መጀመሪያ ውኃው ከየት ከየት እንደሚመጣ ንገሪኝ።»

አላውቅም ነበር። ስለዚህ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ቆሜ እንዳይ አዘዙኝ። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ውኃ ሲወርድ ቆሞ መከታተል ቀላል ነገር ይመስላል፤ እዚህ ግቢ ስኖር ግን አድርጌው አላውቅም ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ወደ ቤት ነው የምንሮጠው። ያን ዕለት ያየሁት ይህ ነው። የጣሪያችን ግማሽ ውኃ በአሸንዳው ቱቦ ወርዶ በቀጥታ በኮንክሪቱ ግራ ጠርዝ ሥር ይገባል። ከላይኛው ግቢ የሚመጣ ውኃ በአጥሩ ሥር ባለች ቀዳዳ ገብቶ እዚያው ጋ ይገናኘዋል። በመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ደግሞ ከታች ስለተደፈነ ሲሞላ ወደ ኋላ ተመልሶ በበራችን ሥር ይገባል። ሌሊት ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፤ ተንሳፋፊው መዝጊያ አርጅቶ ስለነበር እኛ ተኝተን ሳለ ውኃው ወደዚያው ጠርዝ ሲወርድ ያድራል። የውኃ ቱቦው ራሱ እንደማያፈስ ለማረጋገጥ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዘግቼ ቆጣሪውን አየሁት። ትንሿ ጎማ አልተንቀሳቀሰችም፤ ቱቦው ደህና ነበር።

ከአራቱ ሁለቱ በእጄ ናቸው። የአሸንዳውን ቱቦ ማስረዘምና የሮቶውን መዝጊያ መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለቱ ግን ከግቢዬ ውጭ ናቸው፤ እዚህ ላይ ያ ጠባዬ ያዘኝ። ለግንበኛው የአጥሩን ቀዳዳ እንዲደፍኑልኝ፣ የበራችንንም ደፍ ከፍ አድርገው ውኃውን ወደ ውጭ እንዲመልሱልኝ ነገርኳቸው።

«ወደ ማን?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቀዳዳው ቢደፈን ውኃው ከላይኛዋ ጎረቤቴ ግድግዳ ሥር ይተኛል። ደፉ ከፍ ቢል ወደ ታችኛው ጎረቤት በር ይሄዳል። ማንንም ሳላስቸግር እወጣዋለሁ ያልኩት ነገር ሌላውን ሰው ሳላማክር ማስቸገር ሆኖ ተገኘ።

የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ የተወለደችው ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ነው። የእነዋሪ ገበሬ ዋልካን ያውቀዋል። ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ከግራና ከቀኝ እየዛቁ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ። በመደቦቹ መካከል ውኃ የሚወጣበት ቦይ ይቀራል፤ ሰብሉ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሥሩ ሳይታፈን ይበቅላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሲሠራ መነሻው ይኸው የእነዋሪ ሰዎች የእጅ ሥራ ነበር። እናቴ በልጅነቷ ይህን ስትሠራ ያደገች ናት። አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ አፈሩ እንዴት እንደሚዛቅና የት እንደሚከመር አሳየችኝ።

«ቦዩ እኛ እርሻ ላይ አያልቅም» አለችኝ። «እኛ ስንጨርስ የጎረቤት ቦይ ይቀበለዋል። እሱ ካልከፈተው የኛ ውኃ እሱ ዘር ላይ ይተኛል። አባቴ ክረምት ሳይገባ ሰዉን እየዞረ ያነጋግር ነበር። ይህን ሳያደርግ ዘርቶ አያውቅም።»

በማግሥቱ ወደ ላይኛዋ ጎረቤቴ ሄድኩ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ እላታለሁ። የምናገረውን በልቤ እያዘጋጀሁ ነው የሄድኩት። ቡና እየተፈላ ደረስኩና ተቀመጥኩ። ስለ አጥሩ ቀዳዳ መናገር እንደጀመርኩ አቋረጠችኝና በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የራሷም ግድግዳ ከመሠረቱ ጀምሮ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቋል። ያችን ቀዳዳ የከፈተችው ውኃው ሳሎኗ እንዳይገባባት ብላ ነበር።

«ላማክርሽ ስንት ጊዜ አስቤ ተውኩት» አለችኝ። «በርሽ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አንቺም ሰላም ብለሽ ታልፊያለሽ። የማትፈልጊን መስሎኝ ፈራሁሽ።»

ጨዋነት የምለውን ጠባዬን ከዚያኛው ወገን ያየሁት ያኔ ነው። ሰውን አላስቸግርም ማለቴ ሰው እኔን እንዳያስቸግር የዘጋሁበት በር ሆኖ ኖሯል። በመካከላችን ባለው አጥር ሥር ለዓመታት የሁለታችንንም ቤት የሚጎዳ ውኃ ሲያልፍ፣ እሷ እኔን ፈርታ እኔ እሷን ላለማስቸገር ብዬ ሁለታችንም ዝም ብለናል። ጥፋቱ የማንኛችን እንደሆነ መርምሬ አልዘለቅኩም። ዝምታው ግን የሁለታችንንም ቤት ሰንጥቋል።

የአጥሩ ቀዳዳ የሁለታችን ጉዳይ ነበር፤ የመንገዱ ቦይ ግን ከሁለት ሰው በላይ ነበር። እድሩ ሲሰበሰብ መዋጮዬን ከፍዬ መውጣት ልማዴ ነው፤ በዚያ ወር ተቀምጬ ቆየሁና እጄን አወጣሁ። ልቤ እየመታ የውኃውን መንገድ ከላይ እስከ ታች ተናገርኩ። ተቃውሞ እጠብቅ ነበር። የመጣው የየሰዉ ታሪክ ነው፤ የአንዱ በር ክረምት ላይ አይዘጋም፣ የሌላው ሴፕቲክ በሐምሌ ይሞላል፣ የሌላው አጥር ዘሟል። አንድ እሁድ ጠዋት አካፋና ዶማ ይዘን ወጣን። ከቦዩ ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታልና ከየግንባታው ተርፎ እዚያው ደርቆ የቀረ ኮንክሪት ወጣ። ለመኪናው መሻገሪያ ብሎ ቦዩን በአርማታ የደፈነው የታችኛው ጎረቤታችን ከሥሩ ቱቦ ለማሳለፍ ተስማማ። ሌላ አንድ ቤት ግን አልተስማማም።

የግቢው ሥራ ሚያዝያ ላይ ተጀመረ። አሮጌው ኮንክሪት ሲሰበር በቱቦው መስመር ላይ ክንድ የሚያስገባ ባዶ ቦታ አገኘን። ለኮንክሪቱ ድንጋይ አልተደረደረለትም ነበር፤ ውፍረቱም አንዳንድ ቦታ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ዋልካው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ወደ 16 ሜትር ኩብ የሚሆን ጥቁር አፈር ተጭኖ ሄደ። ዋልካን ጠርጎ መጨረስ አይቻልም፤ የሚቻለው ከወቅት ወቅት በጣም የሚለዋወጠውን የላዩን ክፍል ማንሣትና የታችኛው እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ መጠበቅ ነው። በምትኩ ገረጋንቲ 15 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየተርከፈከፈ በማሽን ተጠቀጠቀ። ጉድጓዱን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መጠቅጠቅ የሚያጠብቀው ላዩን ብቻ ነው። ግንበኛው አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው ነገሩኝ፤ ዋልካ ውስጥ የተቆፈረና በገረጋንቲ የተሞላ ጉድጓድ መውጫ ካላገኘ ውኃ ያቁራል። ስለዚህ በግራ ጠርዝ በኩል ወደ መንገዱ ቦይ የሚያወጣ ማፋሰሻ ተሠራለት። ያ ቦይ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ማፋሰሻው ውኃውን የሚያደርስበት አልነበረም።

ኮብልስቶን እንድናደርግ የመከሩን ነበሩ። ምክሩ ጥሩ ነው። ኮብል ከመሬቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ሲሰምጥ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተስተካክሎ ይመለሳል፤ ዋልካ ላይ ለሚኖር ሰው ከኮንክሪት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እኛ የተውነው የእናቴ ምርኩዝ በድንጋዮቹ መካከል እየገባ ስለሚያስቸግራት ነው። በውጭ አገር ደግሞ የሰመጠን ኮንክሪት ሳይሰብሩ፣ ቀዳዳ በስተው ከሥሩ የሲሚንቶ ጭቃ ወይም የሚነፋ ፎም እየጨመሩ ያነሡታል። ሙሌቱ ረግቶ ለሰመጠ ቦታ ያ ዘዴ ይሠራል። እያበጠ በሚኮማተር መሬት ላይ ግን ውኃው ካልታረመ የተነሣው መልሶ ይወርዳል።

አዲሱ ኮንክሪት 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተሰድሮ፣ መሬት ላይ እንዳይተኛ ከሥሩ ማንሻ ተደርጎለታል። ድብልቁ በሣጥን ተለክቶ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው፤ ለጠቅላላው ወደ 12 ኩንታል ሲሚንቶ ገብቷል። ሠራተኞች ድብልቁ እንዲቀጥንላቸው ውኃ መጨመር ይወዳሉ፤ ቀጭን ድብልቅ ለእጅ ይመቻል፣ ሲደርቅ ግን ይደክማል፣ ይሰነጠቃልም። ጋሼ ባልዲውን ከእጃቸው ሲቀበሉ አይቻለሁ። ንጣፉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መንገዱ ያዘነብላል። በማግሥቱ ጠዋት በየ3 ሜትሩ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው መስመር ተቆረጠ፤ ኮንክሪት ሲደርቅ መኮማተሩ ስለማይቀር መሰንጠቂያውን መርጠው ሰጡት። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ያለው ክፍተት ደግሞ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን እንዳይጎትት በሬንጅ ተሞላ። ከዚያ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ሰነበተ።

አንድ ክረምት አልፎበታል። ከመስመሮቹ በአንዱ ውስጥ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቷል፤ እዚያ እንዲወጣ ስለተፈለገ አላሳሰበኝም። እናቴ ሳትቆም ታልፋለች። እትዬ ግድግዳዋን ወዲያው አላስለሰነችውም፤ ውኃው ከራቀለት በኋላ መሬቱ እስኪረጋ ቆይቶ ቢሠራ እንደሚሻል ጋሼ መክረዋታል። ያልተስማማው ቤት በር ላይ ቦዩ አሁንም ይሞላል። ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ደግሜም እሄዳለሁ። ዛሬም ሰው ደጅ መቆም ይከብደኛል፤ ተፈጥሮዬ ነውና በአንድ ዓመት አልተለወጠም። ነገር ግን ዋልካ ላይ የሚኖር ሰው ግቢውን ለብቻው መጠገን እንደማይችል አውቄያለሁ፤ ማወቄም እግሬን ያንቀሳቅሰዋል።

እናንተም የሰመጠ መግቢያ፣ የማይዘጋ በር ወይም በየበጋው የሚሰፋ ስንጥቅ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። የሚነሣበትንና የሚደርስበትን በር እዩ። ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚያን በሮች አንኳኩ።